የድሮ ሳንቲም ሲልቨር መሆን አለመሆኑን ስታጣሩ የሚሰሩ ስህተቶች

ከአያት ሳጥን የወጣ ጠገራ ብር (የማሪያ ቴሬዛ ብር) ወይ የጃንሆይ ሳንቲም እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ሲልቨር ነው ወይ?" ብሎ ነው። ጥያቄው ልክ ነው፣ ችግሩ ለማጣራት ተብሎ የሚደረገው ነገር ብዙ ጊዜ ሳንቲሙን ያበላሸዋል፣ መልሱም የተሳሳተ ይሆናል።

ከሁሉ የከፋው ሳይመዝኑ መፈግፈግ ነው። በአመድ፣ በሎሚ፣ በጥርስ ሳሙና... እባካችሁ ተዉት! ጥቁረቱ እኮ ቆሻሻ አይደለም፣ ሲልቨር አየር ላይ ካለ ድኝ ጋር ሲገናኝ የሚይዘው ቀለም ነው፣ ሰብሳቢዎች ደሞ ያንን ቀለም ይፈልጉታል፣ አንዴ ከተፈገፈገ አይመለስም ዋጋውም ይወርዳል።

ሁለተኛው ማግኔትን ማመን ነው። ማግኔት አልሳበውም ማለት ሲልቨር ነው ማለት አይደለም፣ መዳብም ናስም እርሳስም አይሳቡም። በተቃራኒው ደሞ የ1923 ዓ.ም ነጫጭ ሳንቲሞች፣ ባለ 10፣ 25 እና 50 መቶኛዎቹ (መቶኛ የያኔው የሳንቲም መጠሪያ ነው)፣ ኒኬል ስለሆኑ ማግኔት ላይ ጥብቅ ይላሉ፣ ይሄን ያየ ሰው "ፎርጅድ ነው" ብሎ ይጥላቸዋል። ኦርጅናል ናቸው እኮ፣ ሲልቨር አይደሉም እንጂ።

ዓመትና ቀለም አይቶ መወሰንም ያሳስታል። የ1936ቱን ሃምሳ ሳንቲም ውሰዱ፣ መጀመሪያ 80 ፐርሰንት ሲልቨር ነበር በኋላ 70 ሆነ፣ ላዩ ላይ ያለው ዓመት ግን ያው 1936 ነው። ስሙኒው ደግሞ መዳብ ነው፣ መጀመሪያ ክብ ሆኖ ወጣ፣ ስፋቱ ከሃምሳው ጋር በጣም ስለሚቀራረብ ሲልቨር ከተቀባ እንደ ሃምሳ ሊያልፍ ይችላል፣ በኋላ የወጣው ጠርዙ የአበባ ቅርጽ ያለው ነው። ስለዚ ክብና ነጭ የ1936 ሳንቲም ካገኛችሁ መጀመሪያ ጽሑፉን አንብቡ፣ ከዛ ቶሎ የሚያልቁትን ከፍ ከፍ ያሉ ቦታዎች፣ የአንበሳውን ጋማ ምናምን፣ በአጉሊ መነጽር እዩ፣ ቀይ ብቅ ካለ ከስሩ መዳብ ነው። ጠገራውም ላይ 1780 የሚለው የፈረንጅ ዓመት ሳይቀየር በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በቦምቤይ ሁሉ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሳይቀር ተመቷል፣ ስለዚ ዓመቱ እድሜውንም አይነግራችሁም።

አሁን ዋናው፣ ሚዛን። የወጥ ቤት ሚዛን ግራሙን እየጠቀለለ ስለሚያነብ አይሆንም፣ እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ትንሽ ሚዛን ያስፈልጋል። ጠገራ ብር 28.07 ግራም አካባቢ ነው፣ 83.3 ፐርሰንቱ ሲልቨር፣ የምኒልክ ብርም ክብደቱ ያው ሆኖ 83.5 ፐርሰንት ነው። ግን ክብደት ብቻውን አይበቃም፣ ፎርጅድ የሚሰራ ሰው ክብደቱን ያመሳስላል። ለዛ ነው ውሃ የሚመጣው፣ ክብደታቸው እኩል ቢሆንም መዳብ ከሲልቨር ስለሚቀል ሰፋ ያለ ቦታ ይይዛል፣ ብዙ ውሃም ይገፋል። ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አድርጋችሁ ዜሮ አድርጉት፣ ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስራችሁ ሙሉ በሙሉ አስጥሙት፣ ታችም ጎንም እንዳይነካ። ሚዛኑ ትክክለኛ ጠገራ ላይ 2.75 ግራም አካባቢ ያነባል፣ ያንኑ ክብደት ያለው መዳብ ግን 3.1 ይሆናል። እዚህ ጋ ሰው የሚሳሳተው ሳንቲሙን ታች ሲያስቀምጠው ነው፣ ያኔ ሙሉ ክብደቱን ነው የሚያነበው፣ ወይም ደሞ ላዩ ላይ የተለጠፈችውን የአየር አረፋ ሳያራግፍ ሲቀር። እርሳስ ከሲልቨር ስለሚከብድ ቅይጡ ውስጥ ገብቶ ቁጥሩን ሊያስተካክለው ይችላል፣ ስለዚ ስፋቱን በካሊፐር (በሚሊ ሜትር መለኪያ መሣሪያ) ለኩ፣ 40 ሚሊ ሜትር አካባቢ መሆን አለበት።

አሲድና ሞረድ አይነካ፣ በቃ። ወርቅ ቤት ያለው የኤክስሬይ ማሽን ሳንቲሙን አይጎዳም ግን የሚያነበው ላዩን ስስ ሽፋን ብቻ ነው፣ ወፍራም ልባጥ ካለው "ሲልቨር" ይላችኋል።

መጨረሻ ላይ፣ ጠገራ ብር ለአንገት ጌጥ ስለሚውል ብዙው ማንጠልጠያ ተበይዶበታል ወይ ተበስቷል። እንደዚህ አይነቱን በክብደት ወይ ሲመታ በሚያወጣው ድምጽ አትፍረዱበት፣ ብየዳው ክብደቱን ይቀይራል ጩኸቱንም ያፍነዋል። ማንጠልጠያውንም አታስነቅሉ። ጠርዙን አዙራችሁ እዩት፣ ዙሪያውን ከፍ ብለው የወጡ የላቲን ፊደላትና ጌጦች አሉት፣ ፎርጅድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚደበዝዘው ወይ ጭራሽ የሚጠፋው እሱ ነው።