በጉም ቀን እንጦጦን በቡድን ለመውጣት

ከአስፋልቱ ተለይተው ወደ እንጦጦ አናት የሚወጡት የእግር መንገዶች ረጅም ባይሆኑም ድንጋያማና አቀበታማ ናቸው። በክረምት፣ በተለይም በሐምሌና በነሐሴ፣ ከከተማው ስናየው ተራራውን የጋረደው ደመና እዚያው ለቆመ ሰው ጉም ስለሆነ፣ ፊት ፊት የሚሄደው ጓደኛ ከጥቂት እርምጃ በኋላ ይሰወራል። በእንዲህ ያለ ቀን የሚወጣ ቡድን ከሁሉ አስቀድሞ ሊስማማበት የሚገባው ነገር አለመለያየት ነው።

የቡድኑ አባላት ከአሥር ባይበልጡ ይመረጣል። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ከፊት ይምራ፤ ብርቱና ታጋሽ የሆነ ሌላ ሰው ደግሞ ደጀን ሆኖ ከኋላ ይከተል፤ ከመሪው ማንም እንዳይቀድም፣ ከደጀኑም ማንም ወደ ኋላ እንዳይቀር ከመነሻው በግልጽ ይነገር። ለእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ሰጥቶ፣ በየእረፍቱና መንገድ በሚከፈልበት ቦታ ሁሉ ከአንድ ጀምሮ በተራ መጥራት «ሁላችንም አለን?» ብሎ ከመጠየቅ እጅግ ይሻላል፤ የብዙዎች «አዎ» የአንዱን ዝምታ ይሸፍነዋልና።

የጉዞው ፍጥነት የሚወሰነው በደካማው ሰው አቅም ነው። ይህን ሁሉም በአፉ ይቀበለዋል፤ በተግባር ግን ይሉኝታችን ይፈትነናል። ታላላቆቻችን በልጆቻቸው ፊት «ደከመኝ» ማለትን ይጠላሉ፤ ወጣቱም ጓደኞቹን ላለማስቆም ሲል የዞረ ቁርጭምጭሚቱን ደብቆ ያነክሳል። ሰማዩ በጠራ ቀን ይህ ከድካም ያለፈ ጉዳት ላያመጣ ይችላል፤ በጉም ውስጥ ግን ሳይናገር ወደ ኋላ የቀረ ሰው የጠፋ ሰው ነው። ስለዚህ መሪው የደከመ እንዳለ ከመጠየቅ ይልቅ በየሃያ ደቂቃው ራሱ ቆሞ «ውኃ እንጠጣ» ቢል ማንም ሳያፍር ያርፋል። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በተለይ ከአዳማ ወይም ከድሬዳዋ በቅርቡ የመጣ እንግዳ ትንፋሹ ቢያጥር የስንፍና ምልክት ተደርጎ ሊወሰድበት አይገባም። ራስ ምታት የጠናበት ወይም ያጥወለወለው ሰው ካለ መውጣቱ ይቅርና መላው ቡድን አብሮት ይመለስ፤ ብቻውን ቁልቁል መላክ ፈጽሞ ተገቢ አይደለም።

ስለ ልብስ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ጥጥ ውኃ ይዞ ስለሚከብድና ሰውነትን ስለሚያቀዘቅዝ ጋቢው ቤት ይቅር፤ በምትኩ ሹራብና ውኃ የማያስገባ ጃኬት ይያዝ። ጫማው መርገጫው ያልተበላ፣ ቁርጭምጭሚትን የሚይዝ ይሁን። ዱላ፣ ባትሪ፣ ፊሽካ፣ ፓወር ባንክ፣ በፔርሙዝ የተያዘ ትኩስ ሻይ፣ ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ ለቀኑ ይበቃሉ።

በክረምት መብረቅ የቀላቀለ ዝናብ የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ተነሥቶ፣ የትም ቢደረስ እኩለ ቀን ላይ ፊትን ወደ ታች ማዞር ይገባል። ነጎድጓድ ከተሰማ ገላጣውን ሸንተረር ለቆ መውረድ ይገባል፤ ለብቻው በቆመ ረጅም ዛፍ ሥር መጠለል ግን አደገኛ ነው። ከመሸ በኋላ ጅብ የሚወጣበት ቦታ መሆኑም አይዘንጋ።

መንገድ መሳት ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋው አናት ላይ ነው። የከብትና የእንጨት ለቃሚዎች መንገዶች በባሕር ዛፉ መካከል ይሰባጠራሉ፤ ሸንተረሩም የውኃ መለያ ነው፤ በደቡብ በኩል የዘነበው ወደ አዋሽ፣ በሰሜን በኩል የዘነበው በሙገር አድርጎ ወደ ዓባይ ይወርዳል። በጉም ውስጥ ዞሮበት በሰሜኑ በኩል የወረደ ቡድን ከከተማው እየራቀ ይሄዳል ማለት ነው። ስለዚህ በስልክ ያለውን ኮምፓስ አይቶ ደቡብን ሳያረጋግጡ ቁልቁል አለመጀመር፣ ሲወጡም መንገድ በተከፈለበት ቦታ ሁሉ ዞር ብሎ ከኋላ ያለውን መልክ ማየትና ፎቶ ማንሣት ይጠቅማል። ለመንገደኛ ሰላምታ ሰጥቶ መጠየቅም አያሳፍርም፤ የአካባቢው ሰው ከማንኛውም ካርታ ይበልጥ ያውቀዋል። ሸክም ተሸክማ ለምትወርድ እናት ግን ቆሞ መንገድ መልቀቅ ግዴታችን ነው።

ሲቆጠር ሰው ከጎደለ ለፍለጋ መበተን አይገባም። ቡድኑ ባለበት ቆሞ ፊሽካ ይንፋ፤ የጠፋ ሰው ካለበት እንዳይንቀሳቀስም ከመነሻው ለሁሉም ይነገር። በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀው የጭንቅ ምልክት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ መንፋት፣ አንድ ደቂቃ ዝም ማለትና እንደገና መጀመር ነው፤ መልሱ በደቂቃ ሦስት ጊዜ ነው። ጉዳት ከደረሰ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ቁልቁለቱ ከአቀበቱ ይከፋል። የረጠበ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ሽበት ያወጣ ድንጋይ ያንሸራትታሉ፤ ስለዚህ እግርን ወደ ጎን አድርጎ፣ ጉልበትን ሰበር አድርጎ፣ ዱላን ከፊት እየተከሉ በአጭር እርምጃ መውረድ ያስፈልጋል። ድንጋይ ያስለቀቀ ሰው ወዲያው «ድንጋይ!» ብሎ ይጩኽ። አስፋልቱ ላይ ሲደረስ የመጨረሻው ቁጥር ይጠራ፤ ቤት ሆኖ የሚጠብቀው ሰው ስልክ ሳይደወልለት፣ የረጠበው ልብስም ሳይቀየር ማንም ታክሲ አይሳፈር።