የይፋትን የድንጋይ ከተማ ፍርስራሽ ሳይቆፍሩ እንዴት መመዝገብ ይቻላል?

በሸዋ ሮቢት አካባቢ፣ ደጋው ወደ አፋር ሜዳ በሚወርድበት ቁልቁለት፣ ከይፋት ሱልጣኖች ዘመን የቀሩ ከተሞች ፍርስራሽ አለ። አስባሪ፣ መሳልና ኖራ በጥናት ከታወቁት ውስጥ ናቸው። ሱልጣኖቹ የወጡበት የወላስማ ሥርወ መንግሥት እዚህ ሲገዛ ሸቀጡ የሚገባውም የሚወጣውም በዘይላ ወደብ በኩል ነበር፤ ወደቡ በቀጥታ መስመር ቢለካ እንኳ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ማሽላ ማሳ ውስጥ የባሕር ዛጎል ወይም የብርጭቆ ዶቃ መገኘቱ ከዚህ ንግድ ሊሆን ይችላል። ዛጎል ግን በቅርብ ዘመንም ለጌጥ ይውል ስለነበር ብቻውን የቦታውን ዕድሜ አይናገርም።

ለሥራው ከጥር እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ አገዳው ከማሳ ተነሥቷል፣ ሣሩም ደርቋል። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል ከመሬት አንድ ስንዝር እንኳ ያልበለጠ ግድግዳ ጥላ ይጥላል። እኩለ ቀን ላይ ያው ግድግዳ ተራ የድንጋይ ክምር ይመስላል። ከሁሉ በፊት ለቀበሌውና ለባለ መሬቱ ንገሩ። በአጠገቡ የሼህ መቃብር ካለ ደግሞ የሚጠብቁትን አባቶች ሳታስፈቅዱ አትግቡ።

30 ሜትር የሚደርስ የጨርቅ ሜትር፣ ኮምፓስ፣ ባለ ካሬ ደብተርና እርሳስ ያዙ፤ እስክሪብቶ በላብ ይደበዝዛል። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ዱላ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ነጭና ጥቁር ቀቡና በየፎቶው ውስጥ አቁሙት። ኮምፓሱን ከመኪናም ከገጀራም አርቁ፤ ብረት ያሳስተዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ካቡን ከግድግዳ ሲለይ ነው። የእርከን ካብ የተዳፋቱን ጠመዝማዛ ተከትሎ ይሄዳል፤ የተስተካከለ ፊት ያለው በአንድ በኩል ብቻ ነው። የቤት ግድግዳ በሁለቱም በኩል የተስተካከለ ፊት አለው፣ መሐሉ በጠጠርና በጭቃ ተሞልቷል፣ ከሌላ ግድግዳ ጋርም ማዕዘን ይሠራል። እረኞች ከፍርስራሹ ድንጋይ ለቅመው የሠሩት በረት ብዙ ጊዜ ክብ ነው፤ ድንጋዩ አሮጌ ቢሆንም ካቡ አዲስ ነው።

መስጊድን ለመለየት ኮምፓሱን አውጡ። ሸዋ ሮቢትና መካ በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ እዚህ ቂብላው፣ ማለትም ሲሰገድ የሚዞሩበት የመካ አቅጣጫ፣ ወደ ሰሜን ነው። በሰሜኑ ግድግዳ መሐል ሰርጎ የገባ ሚህራብ (ቂብላውን የሚያመለክት የግድግዳ ጎድጓዳ) ካያችሁ ፎቶውንም ልኩንም አብዙ። መቃብር ግን ያሳስታል። ሙስሊሙ ፊቱ ወደ ቂብላ ዞሮ በጎኑ ሲቀበር፣ ክርስቲያኑም እግሩ ወደ ምሥራቅ ሆኖ ሲቀበር ሁለቱም መቃብሮች እዚህ አገር በምሥራቅና ምዕራብ መስመር ይተኛሉ። በአቅጣጫው ብቻ ተመርታችሁ የማን መቃብር እንደሆነ አትጻፉ።

ንድፉን በ1፡100 ሣሉት፣ በወረቀት ላይ 1 ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 1 ሜትር ነው። የክፍሉን አራት ጎን ብቻ መለካት አይበቃም፤ ከማዕዘን ወደ ትይዩ ማዕዘን የሚሄዱትን ሁለቱንም ሰያፍ ለኩ። ሰያፎቹ ካልተካከሉ ክፍሉ ዘሟል ማለት ነው፤ ደብተሩ ላይ አታቃኑት። የግድግዳውን ውፍረት ካልፈረሰ ቦታ ውሰዱ።

የስልክ ጂፒኤስ ከድሮ የኢትዮጵያ ካርታ ጋር ሲነጻጸር ነጥቡ ከ100 ሜትር በላይ ሊዘል ይችላል። ካርታው የተሠራው አዲንዳን በሚባል የልኬት መነሻ፣ ስልኩ የሚሠራው ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባል ሌላ መነሻ ስለሆነ ነው። የትኛውን እንደተጠቀማችሁ ከቁጥሩ ጎን ጻፉ።

ሣሩን እጨዱት እንጂ አትንቀሉት። በግድግዳ ውስጥ የበቀለ የሾላ ሥር ግንቡን እየሰነጠቀም ደግፎ ይዞት ይሆናል፤ ስትጎትቱት ግንቡም አብሮ ይመጣል። ገል ወይም ሳንቲም ባለበት ፎቶ አንሥታችሁ ተዉት፤ ከቦታው የተነሣ ገል የትኛው ክፍል እንደነበረ አይናገርም። ማረሻ ያወጣውን ሳታጥቡ በወረቀት ከረጢት አድርጉና የተገኘበትን ማሳ ጻፉበት፤ ፌስታል እርጥበት ስለሚያፍን ብረቱን ያዝገዋል።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ያለ ፈቃድ መቆፈርንም ይከለክላል። ጎጡን፣ ቀበሌውን፣ የጂፒኤስ ነጥቡን፣ ንድፉንና ቀን የተጻፈበትን ፎቶ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በሁለት ቅጂ አስገቡ፤ አንዱን ማኅተም አስመትታችሁ ያዙ። የነጥቡን ቁጥር ቴሌግራም ላይ አትለጥፉ፤ ወርቅ ፈላጊ ዶማውን ይዞ ከባለሙያው ቀድሞ ይደርሳል።