ቀይ ቀለም የለቀቀበትን ኩዊልት እንዴት እንዳዳንኩት

እዚህ አሜሪካ ለቀድሞ ወታደሮች የሚሰጥ ኩዊልት (ከጨርቅ ቁርጥራጮች ተገጣጥሞ የሚሰፋ ድርብርብ የአልጋ ልብስ) ብዙ ጊዜ በቀይ፣ በነጭና በሰማያዊ ነው የሚሰፋው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተው፣ እነዚህን ኩዊልቶች ለወታደሮች የሚሰጠው ድርጅት ኩዊልትስ ኦፍ ቫለር የሚቀበለው ትንሹ መጠን 55 በ65 ኢንች ነው። ብዙ ሥራ ነው። እኔ የሰፋሁት ጠርዙ ተሰፍቶ፣ የስም ጨርቁ ከጀርባው ተለጥፎ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ በመጀመሪያው እጥበት ቀዩ ለቀቀ። የነጮቹ ኮከቦች ጫፍ ሮዝ ሆነ።

በቀዝቃዛ ውኃ ደግሜ አጠብኩት፤ ያው ነው። ጨውና ኮምጣጤም አልሠራም። ማሽን ውስጥ የሚጨመረው ቀለም ያዥ ወረቀት ትንሽ ቀነሰው እንጂ አላጠፋውም።

የሠራው ሙቅ ውኃ ነው። የመታጠቢያ ገንዳውን 60 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚጠጋ ውኃ ሞልቼ ግማሽ ኩባያ ዶውን የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨመርኩ። ጓንት አድርጉ፣ ያቃጥላል። ዋናው ነገር ኩዊልቱ ሙሉ በሙሉ መጥለቁ ነው፤ ከውኃው በላይ የቀረ እጥፋት ካለ ቀለሙ እዚያው ይሰበሰባል። እርጥብ ፎጣ ጭኜበት ለ12 ሰዓታት አሳደርኩት። ጠዋት ውኃው ከርከዴ ሻይ መስሏል። ውኃው እስኪጠራ እየቀየርኩ ደገምኩት። ኮከቦቹ ነጭ ሆኑ!

እድፉ ሳይጠፋ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ በጭራሽ እንዳታስገቡት። አሁን ቀይ ጨርቅ ከመቁረጤ በፊት ቁራጩን ሙቅ የሳሙና ውኃ ባለበት ብርጭቆ ነክሬ አያለሁ።