የበረሃ ላቫ ስናይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ላቫ ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ የጠጠረ ቅልጥ ድንጋይ ነው። በበረሃ ያለ የላቫ ሜዳ እርቃኑን ነው። ሣርም ደንም አይሸፍነውም። ስለዚህ ታሪኩን ማንበብ ቀላል ይመስላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚሁ ላይ ነው፤ በተለይ ዕድሜውን ሲገምት።

“ጥቁር ከሆነ ትናንት የፈሰሰ ነው።” ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ይመስለኛል። ባዛልት፣ ማለትም የተለመደው የላቫ ድንጋይ፣ ከመጀመሪያውም ጥቁር ነው። በዚያ ላይ የበረሃ ድንጋይ በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ ማንጋኒዝና ብረት ያለበት ስስ ጥቁር ሽፋን ያወጣል። ያረጀው ከአዲሱ በልጦ ሊያብለጨልጭ ይችላል። ቀለሙን ተዉትና በድንጋዮቹ መሃል ያለውን አቧራ እዩ። ወጣት ላቫ ሸካራ ነው፣ ስንጥቁም ባዶ ነው። አሮጌው በአቧራ ሞልቶ ሜዳ ሆኗል። በካሊፎርኒያ ሞሃቪ በረሃ ያለው የሲማ የእሳተ ገሞራ ሜዳ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከ7 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው ላቫና 12,000 ዓመት ገደማ የሆነው እዚያው አንድ ሜዳ ላይ ይገኛሉ።

“አቧራው ከላቫው ተፈርፍሮ የወጣ ነው።” አይደለም፣ አብዛኛውን ነፋስ ነው ያመጣው፤ ለምሳሌ ከደረቁ ሐይቆች ወለል። እኔን በጣም የሚገርመኝ ቀጥሎ የሚሆነው ነው። በአሮጌ ላቫ ላይ ጠጠሮች እንደ ንጣፍ ተደርድረው ይታያሉ። ድሮ ነፋስ ደቃቁን አፈር ጠርጎ ወስዶ ጠጠሩን ያስቀረው ይመስል ነበር። ሲማ ላይ ግን ከጠፈር የሚመጣ ጨረር ገጽ ላይ ባለ ድንጋይ ውስጥ የሚያጠራቅመው የሂሊየም ጋዝ በጠጠሮቹ ውስጥ ሲለካ፣ ላቫው ከፈሰሰ ጀምሮ ከላይ እንደነበሩ ታወቀ። አቧራው ከሥራቸው እየገባ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ያነሳቸዋል።

“ለስላሳውና ሸካራው ላቫ የተለያየ ድንጋይ ናቸው።” ፓሆይሆይ የሚባለው ገመድ የመሰለው ለስላሳ ላቫና አአ የሚባለው ስለታም ክምር በይዘት አንድ ሊሆኑ ይችላሉ። ስማቸው ከሃዋይ የመጣ ነው። ያው ፓሆይሆይ እየቀዘቀዘ፣ እየወፈረና በፍጥነት እየተጎተተ ሲሄድ አአ ይሆናል። አአ ግን ተመልሶ ፓሆይሆይ አይሆንም ማለት ይቻላል።

በላቫ ድንጋይ ላይ የሚታዩትን ቀዳዳዎችም ዝናብ የበላቸው አይምሰላችሁ። ላቫው ሲጠጥር ውስጡ የቀሩ የጋዝ አረፋዎች ናቸው።

“ላቫው የፈሰሰው ከኮረብታው ጫፍ ነው።” ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከግርጌ ነው። በላቫ ሜዳ ላይ የሚታየው ኮረብታ ከእሳተ ገሞራው የተተፋ ጠጠር ልቅ ክምር ስለሆነ ላቫውን ጫፉ ድረስ መሸከም ያቅተዋል። አንዳንዴ ላቫው ጎኑን ሰብሮ ቁራጩን ተሸክሞ ይሄዳል።

የመጨረሻው “ኮረብታው ሞቷል፣ እንግዲህ አካባቢው ሰላም ነው” የሚለው ነው። እንዲህ ያለ ትንሽ ኮረብታ በአብዛኛው አንዴ ፈንድቶ ያበቃል። ሜዳው ግን አያበቃም። ሳዑዲ አረቢያ ውስጥ ሐራት ራሃት በሚባል የላቫ ሜዳ በ1256 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) መሬቱ ለቀናት ከተንቀጠቀጠ በኋላ በአዲስ ስንጥቅ ላይ ላቫ ወጣ። 52 ቀን ቆየ፤ 23 ኪሎ ሜትር ያህልም ወደ መዲና አቅጣጫ ፈሰሰ። በእንዲህ ያለ ቦታ የቆዩትን ኮረብታዎች ብቻ መጠበቅ አይበቃም፤ መሬቱ አዲስ የሚሰነጠቅበትን ቦታ መከታተል ያስፈልጋል።