2,147,483,647ን በወረቀትና በእስክሪብቶ መፈተሽ

ፕሮግራሚንግ የነካካ ሰው ይህን ቁጥር ያውቀዋል፤ በጃቫ አንድ ኢንት (የተለመደው የሙሉ ቁጥር ዓይነት) ሊይዝ የሚችለው ትልቁ ቁጥር ነው፣ 2^31 ሲቀነስ 1። እኔ ግን ለተማሪዎቼ አስቀድሜ የምነግራቸው ብቸኛ ቁጥር (ፕራይም)፣ ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው መሆኑን ነው። የሒሳብ ሊቁ ኦይለር በ1772 እ.ኤ.አ. ይህን ያሳወቀው ያለ ምንም ማሽን ነው። እናንተም ትችላላችሁ።

በመጀመሪያ ገደብ አብጁ። የቁጥሩ ስኩዌር ሩት 46,340 እና ትንሽ ነው። አካፋይ ካለው ከዚያ የማይበልጥ ብቸኛ አካፋይ መኖር አለበት። ነገር ግን እስከዚያ ድረስ 4,792 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። ሁሉንም መሞከር ጉልበት ይጨርሳል፤ ደግሞም አያስፈልግም።

እዚህ ጋ ረጋ በሉ። ብቸኛ አካፋይ አለ እንበል። 2^31 ለእሱ ሲካፈል ቀሪው 1 ነው። 31 ራሱ ብቸኛ ስለሆነ ከ2^1 እስከ 2^30 ያለ የ2 ፓወር ቀሪው 1 ሊሆን አይችልም። ከፌርማ ትንሹ ቴዎረም ጋር (ለጎዶሎ ብቸኛ ቁጥር p፣ 2^(p-1) ለp ሲካፈል ቀሪው 1 ነው) ስናያይዘው፣ ከአካፋዩ ላይ 1 ሲቀነስ የ31 ብዜት መሆን አለበት። አካፋዩ ጎዶሎ ስለሆነ ደግሞ ይኸው 1 የተቀነሰበት ቁጥር የ62 ብዜት ይሆናል።

ቀጣዩን ማጣሪያ በጣም እወደዋለሁ። 2^31 ቀሪው 1 ከሆነ 2^32 ቀሪው 2 ነው። 2^32 ግን የ2^16 ስኩዌር ነው! ስለዚህ 2 ለዚህ አካፋይ የስኩዌር ቀሪ ነው፣ ማለትም የአንድ ቁጥር ስኩዌር ለአካፋዩ ሲካፈል የሚተርፍ ነው፤ ይህ የሚሆነው ደግሞ አካፋዩ ለ8 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 7 ሲሆን ብቻ ነው። ሁለቱን ስታጣምሩ የሚተርፉት የ248 ብዜት ላይ 1 ወይም 63 የተደመረባቸው ቁጥሮች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ እስከ 46,340 ድረስ ብቸኛ የሆኑት 84 ብቻ ናቸው።

ዝርዝሩን ጻፉ፦ 63፣ 249፣ 311፣ 497፣ 559... 63 እና 249 በ3 ይካፈላሉ፣ ሰርዟቸው። የመጀመሪያው እውነተኛ ተፈታኝ 311 ነው። ረጅሙን ማካፈል ተዉት፤ ቀሪዎችን ብቻ አባዙ። 2^10 ማለት 1024 ነው፣ ለ311 ሲካፈል ቀሪው 91። 91 በራሱ ሲባዛ 8281፣ ቀሪው 195፤ ይህ የ2^20 ነው። 195 ሲባዛ በ91 17745፣ ቀሪው 18፤ ይህ የ2^30 ነው። በ2 አባዙት፣ 36። 1 ሲሆን ነበር 311 አካፋይ የሚሆነው፤ አልሆነም። ቀጣዩ ብቸኛ ቁጥር 1303 ነው፤ በዚሁ መንገድ ብትሄዱ 227 ታገኛላችሁ። እሱም ወደቀ። የቀሩትን 82ቱን እንዲሁ ቀጥሉ። ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ አይከብድም።

እጃችሁን ለማፍታታት ከፈለጋችሁ በትንሹ፣ በ2^11 ሲቀነስ 1፣ ማለትም በ2047 ጀምሩ። እዚያ አካፋዩ የ22 ብዜት ሲደመር 1 ነው፤ የመጀመሪያው ተፈታኝ 23 ነው፣ እሱም ያለቀሪ ያካፍለዋል፦ 23 ሲባዛ በ89።