የመሐልና የዳር እይታን ጥራት በአንድ ወረቀት መለካት

ከፊታችን ያለው ሁሉ እኩል ጠርቶ የሚታየን ይመስለናል፤ ነገር ግን ዓይን ጥቃቅን ነገሮችን አጥርቶ የሚለይበት ስፍራ፣ ክንዳችንን ዘርግተን አውራ ጣታችንን ብናይ ጣቱ ከሚጋርደው ብዙም አይሰፋም። ይህን በቤት ለማረጋገጥ ረዘም ያለ ወረቀት፣ ማስመሪያና አንድ ረዳት ይበቃል።

በወረቀቱ ግራ ጫፍ ላይ ነጥብ ያድርጉ። ከነጥቡ በስተቀኝ በ2፣ በ5፣ በ10፣ በ15 እና በ20 ሴንቲሜትር ላይ ረዳትዎ፣ እርስዎ ሳያዩ፣ ግማሽ ሴንቲሜትር ቁመት ያላቸውን ፊደላት ይጻፍ። ከ«በ» እና ከ«ሰ» ዘር ግዕዙን፣ ካዕቡንና ሣልሱን እያቀላቀለ ቢጽፍ መልካም ነው፤ እነዚህ የሚለያዩት በትንሽ ቅጥያ ብቻ ነውና። ወረቀቱን በዓይንዎ ትክክል ግድግዳ ላይ ለጥፈው ቀኝ ዓይንዎ ከነጥቡ 57 ሴንቲሜትር እንዲርቅ ሆነው ይቀመጡ፤ በዚህ ርቀት በወረቀቱ ላይ ያለው አንዱ ሴንቲሜትር ለዓይን የአንድ ዲግሪ ማዕዘን ያህል ስለሚሆን ሌላ ስሌት አያስፈልግም።

ግራ ዓይንዎን ሸፍነው፣ ነጥቡን ብቻ እየተመለከቱ፣ ፊደላቱን ድምፅዎን አውጥተው ይጥሩ። አስቸጋሪው ይህ ነው፤ ዓይን በልማዱ በሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል ቦታ ስለሚቀይር ሳናውቀው ወደ ፊደሉ ይሄድና ውጤቱን ያበላሻል። ስለዚህ ረዳትዎ ከወረቀቱ አጠገብ ቆሞ ብሌንዎን ይጠብቅ፤ ዓይንዎ በተነቃነቀ ቁጥር ፊደሉ ተቀይሮ ሙከራው እንደገና ይጀመር።

አብዛኛውን ጊዜ በ2 እና በ5 ላይ ያሉት ይነበባሉ። በ10 ላይ የፊደሉ ዘር ቢታወቅ እንኳ ካዕብ ይሁን ሣልስ ያጠራጥራል። በ15 ላይ ያለው ይጠፋል፤ ይህ የማየት ነርቭ ከዓይን የሚወጣበት፣ ብርሃን ተቀባይ ሕዋስ የሌለበት፣ በጤናማ ዓይን ሁሉ ያለ ክፍተት ነው። በ20 ላይ አንድ ነገር መኖሩ እንጂ ምንነቱ አይለይም። ይህንኑ ፊደል በ3 ሴንቲሜትር ቁመት አስጽፈው ቢሞክሩ ግን ይነበባል፤ ግራና ቀኙን ሌሎች ፊደላት ሲያጅቡት ደግሞ ተመልሶ ይደበላለቃል። ረዳትዎ እዚያው ጣቱን ቢያነቃንቅ ወዲያው ይታወቅዎታል።

በሬቲና፣ ማለትም ብርሃን በሚቀበለው የዓይን የኋላ ውስጠኛ ሽፋን፣ መሐል ኮን የተባሉት ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት እጅግ ተጠጋግተው ይገኛሉ፤ እያንዳንዱም መልእክቱን ለየብቻው ያስተላልፋል ለማለት ይቻላል። ወደ ዳር ግን የብዙ ሕዋሳት መልእክት በአንድ መስመር ስለሚጠቃለል ዝርዝሩ በዚያው ይቀራል።

ሙከራው የሕክምና ምርመራን አይተካም። ግላኮማ የዳር እይታን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሕመም፣ ቀስ በቀስ የሚያጠፋ በሽታ ስለሆነ፣ ከ15 አካባቢ ውጪ ክፍተት ካገኙ ሳይዘገዩ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄደው የዳር እይታዎን ያስለኩ።