መግል የቋጠረ እባጭ ላይ ማደንዘዣው ለምን እንቢ ይላል?

ሊዶኬይን የተባለው ማደንዘዣ ተወግቶ፣ እባጩ ሲከፈት ሕመምተኛዋ ከጮኹ ጣት የሚቀሰረው ብልቃጡ ላይ ነው፤ "ጊዜው አልፎበታል" ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ መድኃኒቱ የተወጋበት ቦታ ነው።

ሊዶኬይን የሚሠራው የነርቭ ሴሉን ሽፋን አልፎ የሶዲየም መግቢያውን ከውስጥ ሲደፍን ነው። ሽፋኑን የሚያልፈው ደግሞ ቻርጅ የሌለው የመድኃኒቱ ክፍል ብቻ ነው። በጤነኛ ሥጋ፣ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) 7.4 ላይ፣ ይህ ክፍል ሩብ ያህል ነው። የተቆጣ ቦታ አሲዳማ ስለሆነ ፒኤቹ 6.9 ቢደርስ ወደ 9 በመቶ ይወርዳል። የሰፉት የደም ሥሮችም መድኃኒቱን ቶሎ ጠርገው ይወስዱታል። መግሉ ውስጥ መውጋት ደግሞ ግፊቱን ጨምሮ ሕመሙን ያባብሳል።

ስለዚህ ዙሪያውን ውጉ። መጀመሪያ ሕመምተኛዋን መዝኑ፤ አድሬናሊን የሌለው ሊዶኬይን ጣሪያው በኪሎ 4.5 ሚሊ ግራም ነው፣ በጠቅላላው ከ300 ሚሊ ግራም አይለፍ። 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 225 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ባለ 2 በመቶው 11 ሲሲ ይሆናል። ለዙሪያ ግን ብዛት ያስፈልጋል፤ በእኩል ኖርማል ሳላይን ቀጥኑትና 22 ሲሲ ባለ 1 በመቶ ታገኛላችሁ። የደብረ ብርሃንና የመንዝ ጠዋት ብልቃጡን በረዶ ያደርገዋል፤ ቀዝቃዛ ማደንዘዣ ይቆጠቁጣልና በመዳፍ አሙቁት። አሲድነቱን ለማለዘብ፣ 8.4 በመቶ ባይካርቦኔት ካለ ለ9 ሲሲ ሊዶኬይን 1 ሲሲ ጨምሩ። ቡፒቫኬይን በተባለው ሌላ ማደንዘዣ ላይ ይህን አትሞክሩ፣ ይዘቅጣል።

ከቀላው ጠርዝ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቃችሁ በቁጥር 25 መርፌ ከሁለት ተቃራኒ ጎን ግቡ፤ ከእያንዳንዱ ሁለት መስመር እየዘረጋችሁ እባጩን በአራት ማዕዘን ክበቡት። ከመግፋት በፊት ሲሪንጁን ወደ ኋላ ሳቡ፤ ደም ከመጣ ቦታ ቀይሩ። ቀስ ብላችሁ ግፉ፣ ከዚያ 5 ደቂቃ ጠብቁ። ችኮላው እዚህ ላይ ነው የሚያበላሸው። ቆዳውን በፎርሴፕስ ቆንጥጣችሁ ፈትሹ።

እየወጋችሁ አናግሯቸው፦ "እማማ፣ አፍዎ ዙሪያ ነዘረዎት? ጆሮዎ ይጮሃል?" ምላሳቸው ከደነዘዘ ወይም አፋቸው ብረት ብረት ካላቸው መድኃኒቱ ወደ ደም ገብቷል፤ አቁሙ። ቢያንቀጠቅጣቸው ኦክስጅንና ዳያዜፓም ስጡ፤ 20 በመቶ የስብ ኢመልሽን ካለ በኪሎ 1.5 ሲሲ በደም ሥር ስጡ።

በላቦራቶሪ ሊዶኬይን የነጭ የደም ሴሎችን ፍልሰት ሲያዳክም ታይቷል። ይህ ግን ቁጣውን ያክማል ማለት አይደለም፤ መግሉ መውጣት አለበት። መጠኑ ሲበዛ ማደንዘዣ ራሱ ሴል ይጎዳል፤ መገጣጠሚያ ውስጥ ለቀናት እየተንጠባጠበ የሚገባ ቡፒቫኬይን የልምአጥንት ሴሎችን ይገድላል።

ዙሪያው በደንብ ቢደነዝዝም መሐሉ ሲጫን ይሰማቸዋል፤ ምላጩ ከመንካቱ በፊት ይህን ንገሯቸው።